በጉም መንገድ ላይ ይቁም

ለፋሲካ አክስቴ ዘንድ መዘዞ ስሄድ በኪሴ የያዝኩት ጥሬ ብር ለመኪና ብቻ የሚበቃ ነበር። የምሠራው ባንክ ነው፤ የሥራ መደቤ ኢንተርፕራይዝ አርክቴክት ይባላል። ገንዘብ በስልክ እንዲሄድ የምደክም ሰው ብር አጭቄ ብጓዝ አፍራለሁ።

አክስቴ «አርክቴክት» መባሌን ሰምታ ኖሮ፣ ቡናው ሳይፈላ ማድ ቤቷን አስጎበኘችኝ። ጣሪያው ያፈሳል። ሥራዬ ኤቲኤሙ፣ የሞባይሉ መተግበሪያና ዋናው የሒሳብ ቋት እንዴት እንደሚነጋገሩ መንደፍ መሆኑን አስረዳኋት። «ሳጥን ሥለህ በቀስት ታያይዛለህ፤ ለዚህም ደመወዝ ይከፍሉሃል?» አለች። ከሞላ ጎደል ልክ ናት።

ገበያ ወጥተን አንድ የመንዝ ሙክት ወደድኩ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የስልክ ብር ገጠርም እንግዳ አይደለም፤ ባለበጉ ሽማግሌም ስልካቸውን አወጡ። እኔ ግን በራሴ ባንክ ካልሆነ ብዬ በሌላ ባንክ ወዳለው ሒሳባቸው ላክሁ። ከእኔ ወዲያው ተቀነሰ፤ ለእሳቸው አልደረሰም።

«ታዲያ ገንዘቡ የት ነው?»

«ወጥቷል አባባ፤ መንገድ ላይ ነው።»

«ማን ይዞት? መቼ ይደርሳል? ለምንስ ቆመ?»

ጆን ዛክማን የተባለ አሜሪካዊ በ1987 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውና ሙያችን እንደ መነሻ የሚቆጥረው ሰንጠረዥ ኋላ በስድስት ጥያቄ ተዋቅሯል፤ ምን፣ እንዴት፣ የት፣ ማን፣ መቼ፣ ለምን። ስንቴ ሞልቼዋለሁ፤ የበግ ቀንድ ይዞ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። መልሱን አላጣሁትም። ገንዘቡ የቆመበት ቀስት የሣልኩት ነው። ሁለቱ ወገኖች ሒሳባቸውን እስኪያስታርቁ በመሸጋገሪያ ሒሳብ ይቆያል። ይህንኑ ስናገር ለራሴም የሌባ ወሬ መሰለኝ።

ሽማግሌው አሰብ አድርገው፣ «ገንዘቡ መንገድ ላይ ከሆነ በጉም መንገድ ላይ ይቁም» አሉ። የእሳቸውም የእኛም ወገን ያልሆነ ሰው ተፈልጎ በጉ እሱ ደጅ ታሰረ። መሸጋገሪያ ሒሳብ ማለት ይኸው ነው! እኛ ቢሮ ስንት ስብሰባ የተቀመጥንበትን እሳቸው በአንድ ገመድ ጨረሱት።

ማምሻውን አንድ ልጅ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ሊያሳየኝ መጣ። የመዘዞ ኦፓል ቸኮሌት የመሰለ፣ ሲያገላብጡት ቀለም የሚረጭ ነው፤ ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ ግን የመሰንጠቅ ዓመል አለበት። የእኔም ንድፎች ከስብሰባ አዳራሽ ሲወጡ እንዲሁ ያደርጋቸዋልና በድንጋዩ አልፈረድኩም። ደግሞስ በምን ልገዛው!

በማግስቱ ረፋድ ላይ መልእክቱ ደረሰ፤ ገመዱ ተፈታ። ለካ በጉ ሌሊቱን የሰውየውን ገብስ ሲበላ አድሯል፤ የመኖ ተጠየቅሁ። ይህ ወጪ በንድፌ አልነበረም። ስልኬን ሳወጣ ሁሉም ሳቁ። አክስቴ ከመቀነቷ ፈታ በጥሬ ብር ከፈለች፤ ቤት እንደገባን ደግሞ መሰላሉን አምጥታ ማድ ቤቱ ላይ አስደገፈችልኝ።