ከኮት ሥር ያለ ጌጥ

የአክስቴ ልጅ ሐይቅ ከተማ ቁጭ ብሎ የቆሮሶ ጥብሱን እየቆረጠመ ስለ ሽጉጥ ምርጫ ያስተምረኛል። «ማካሮቭን የሚያህል የለም። አጭር ነው፣ ኮት ሥር አይታወቅም፣ ካርታው ስምንት ይጎርሳል። እጀታውን አውልቀህ በዋንዛ ታስቀርጻለህ፤ የቆዳ አፎት ታሰፋለታለህ፤ ስምህን ታስጽፍበታለህ…»

እንዳይታይ ለሚገዛ ዕቃ ይህ ሁሉ ሽርጉድ! የአያታችን ምንሽር እንኳ ቢያንስ ትከሻ ላይ ወጥቶ ሠርግ ይታደም ነበር። የዚህን ጌጥ የሚያየው የልጁ ሽንጥ ብቻ ነው።

ደግሞ ሸሽጎ መያዝን እሱ የፈለሰፈው ይመስለዋል። እዚሁ ጎረቤት አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ፣ ጣሊያን በ1881 ዓ.ም. የውሉን 17ኛ አንቀጽ ትርጉም ሥር ወሽቆ ይዞ ሄዷል፤ ያውም ያለ አፎት።

«ፈቃዱስ?» አልኩት። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል።

«አብሽር!» አለና ወደ አጥንቱ ተመለሰ።

ዋጋውን ሲነግረኝ በልቤ የአክስቴን በሬዎች ቆጠርኩ፤ ጥማዱ አልበቃም፣ ጊደሯም ተጨመረች። አምባሰል ቅኝት በስሙ የተጠራለት አገር ነው፤ የኛ ልጅ ክራሩን ትቶ ገና ያልገዛውን ሽጉጥ ይቃኛል።

የዓሣውን ሒሳብ እኔው ከፈልኩ።