ስለ እሳትና ነፋስ እርቅ

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፣ እሳትና ውኃ፣ ነፋስና መሬት በባሕርያቸው የማይስማሙ ሲሆኑ በፈጣሪ ጥበብ ታርቀው እንደሚኖሩ ይነግሩናል። እኔም ይህን ትምህርት በልጅነቴ ከየኔታ አፍ ሰምቼ፣ ሳልመረምረው ብዙ ዘመን ኖሬ፣ እርቁ እንዴት እንደሚፈጸም በዓይኔ ያየሁት በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ መኪና ተባርሮ ቶርኖና ትራፓኖ በነገሡበት በአንድ ጡረተኛ መካኒክ ጋራዥ ውስጥ ነው።

እኒህ ጡረተኛ የአገሬ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም ጋሼ ብዬ አልፋለሁ። በወጣትነታቸው በድሬዳዋ የምድር ባቡር መጠገኛ ሲቀጠሩ፣ የእንፋሎቱ ዘመን አልፎ ናፍጣ በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ስለ ጠበቃቸው፣ እንፋሎትን ከአሮጌዎቹ ሠራተኞች ወሬ በቀር ሳያውቁት ቀሩ። ይህ ቁጭት ውቅያኖስ ተሻግሮ ተከተላቸውና፣ እኩዮቻቸው ዳዊት በሚደግሙበት ዕድሜ፣ እርሳቸው የእውነተኛው ባቡር አንድ ስምንተኛ የሆነ፣ ነገር ግን እንደ ታላቁ ሁሉ ውኃ አፍልቶ በእንፋሎት የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ይሠሩ ጀመር።

ይህ ዕብደት የጋሼ ብቻ አይደለም። በዚያው ከተማ በግሪፊት ፓርክ በ1956 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የእንፋሎት ወዳጆች ማኅበር አለ፤ ስፋቱ ሰባት ኢንች ተኩል ብቻ በሆነ ሐዲድ ላይ እሑድ እሑድ ሕፃንና አዋቂ ጭኖ ያንሸራሽራል። ሚኪ ማውስን ለዓለም ያበረከተው ዋልት ዲዝኒም በ1950 እ.ኤ.አ. በገዛ ግቢው ይህን የመሰለ ባቡር ሠርቶ፣ ሎኮሞቲቩን በባለቤቱ ስም ሰይሞ፣ ሐዲዱ እንዲያልፍ ቤተ ሰቡን በውል አስፈርሞ፣ የባለቤቱም የአበባ መደብ እንዳይነካ ከሥሩ ዋሻ ቆፍሮለት ነበር። ጋሼ ይህን ታሪክ ለባለቤታቸው ለእትዬ ደጋግመው ቢተርኩላቸው፣ እትዬ «እንግዲያውስ የልጆቼ አባት፣ እርስዎም አስቀድመው ያስፈርሙኝ፤ ዋሻውንም ከጋራዡ ይጀምሩ፤ መኪናዬ ደጅ ማደሩ ሰልችቶኛል» ብለው መለሱላቸው።

የዲዝኒ ባቡር ድንጋይ ከሰል ይበላ ነበር። የካሊፎርንያ ተራራ ግን በበጋ ደርቆ አንዲት የፍም ፍንጣሪ ብቻ የሚጠብቅ ስለሆነ፣ ጋሼ ፕሮፔን የተባለውን ጋዝ መረጡ፤ አመድ የለውም፣ ፍንጣሪ የለውም፣ ቫልቩ ሲዘጋም ወዲያው ይጠፋል። ታዲያ መከራቸው የጀመረው ከዚህ ላይ ነው፤ ጋዙን መግዛት የማንም ሥራ ሲሆን፣ ጋዙ የሚነድበትን ማንደጃ መሥራት ግን ምናኔን የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ።

ማንደጃው ለሚያየው ሰው ከንቱ ነገር ይመስላል፦ ጎን ለጎን የተደረደሩ የማይዝግ ብረት ቧንቧዎች፣ በጀርባቸው ላይ በቀጭን መጋዝ የተተለተሉ ስንጥቆች፣ በስተኋላ ጋዙ የሚወጣባት ዓይን የማያያት ቀዳዳ፣ በቀዳዳይቱም ፊት አየር የሚገባበት መስኮትና መስኮቱን የሚከፍትና የሚዘጋ ቀለበት። ምስጢሩ ሁሉ ያለው በዚህች ቀለበት ነው። ጋዙ ከጠባቧ ቀዳዳ እየተስፈነጠረ ሲወጣ አየሩን ከመስኮቱ ስቦ ይዞት ይገባል፤ አንድ እጅ ፕሮፔን በሚገባ ይነድ ዘንድ ሃያ አራት እጅ ያህል አየር ይሻልና፣ እሳት የሚባለው ነገር አብዛኛው ነፋስ ነው። አየሩ ሲያንስ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ቧንቧውን በጥላሸት ይቀባዋል፤ ሲበዛ ነበልባሉ ከስንጥቁ ተነሥቶ በአየር ላይ ይንሳፈፍና ይጠፋል፤ የጋዙ ግፊት ሲደክም ደግሞ ነበልባሉ ወደ ኋላ ሮጦ ከቀዳዳይቱ አፍ ላይ ይነድዳል። ጋሼ ቀለበቲቱን በፀጉር ስፋት ወዲህ፣ በፀጉር ስፋት ወዲያ ሲያደርጉ፣ እኔ ባትሪ ይዤ ከጎናቸው እቆም ነበር።

ማንደጃው ሰማያዊ ነበልባል በሰጠ ዕለት እልል ልንል ስንል፣ ውኃው ከሚፈላበት ከቦይለሩ ሥር ቢያስገቡት ታፍኖ ጠፋ። ለካ በእሳት ሳጥኑ ውስጥ ነበልባሉን በቱቦዎቹ አሳልፎ ወደ ጭስ ማውጫው የሚስብ ነፋስ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ነፋስ የሚፈጥረው በጭስ ማውጫው የሚወጣው እንፋሎት ነው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ እንፋሎት ለማግኘት እሳት፣ ለእሳቱ ነፋስ፣ ለነፋሱ ደግሞ እንፋሎት ያስፈልጋል ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ አሁን ገና ገባህ!» አሉና፣ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከጭስ ማውጫው አፍ ላይ ደፉበት፤ ባቡሩም ራሱን ችሎ እስኪተነፍስ ድረስ በእርሷ እየተነፈሰ ፈላ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ጣጣ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ፕሮፔን ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ የሚፈላ ፈሳሽ ስለሆነ፣ ሲተንን ሙቀቱን ከገዛ ሲሊንደሩ ይወስዳል፤ በዚህም ምክንያት በዚያ በሚያቃጥል የሐምሌ ፀሐይ ሲሊንደሩ አመዳይ ለብሶ ግፊቱ ይደክም ነበርና፣ እሳት አቀባዩን ዕቃ ለብ ባለ ውኃ ገንዳ ውስጥ አስቀምጠን አሞቅነው። ሁለተኛው፣ ማንደጃው አንዳንድ ጊዜ ከእሳት ሳጥኑ አየር ጋር ተስማምቶ ይጮኻል፤ ጩኸቱም የሰፈሩን ውሾች ሁሉ ለዜማ ያስነሣል። እትዬም በመስኮት ብቅ ብለው «ምነው፣ ማኅሌቱ ዛሬ በቀን ሆነ?» ይላሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለጋሼ ያተረፈላቸው ባቡሩን ብቻ አይደለም። የእድራችን ሰብሳቢ እርሳቸው ናቸውና፣ ባለፈው ስብሰባ የወር መዋጮ ይጨመር አይጨመር በሚል ሁለት ሰዎች ያለ ዕረፍት ተናግረው አዳራሹን ሲያጨልሙት፣ ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው «ይህ እሳት ቢጫ ሆኗል፤ አየር ስጡት!» ብለው መስኮቱን አስከፈቱ፣ ቡናም አስቀረቡ፤ መዋጮውም ከሁለተኛው ስኒ በፊት ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ በእድራችን ንግግሩ የረዘመበት ሰው «ቢጫ ሆንህ» ይባላል። ይህንም ወግ ለጋሼ ሳነብላቸው፣ እዚህ ቦታ ስደርስ ጣታቸውን ወደ ቀለበቲቱ ሲሰዱ ስላየሁ፣ ሳልጠፋ በፈቃዴ አቁሜአለሁ።