አመል ያለው በር

እኛ ቤት የሚያድር እንግዳ ፎጣና ነጠላ ጫማ ከመቀበሉ በፊት አጭር ሥልጠና ይወስዳል። «ቁም ሳጥኑን ስትዘጋ የቀኙን በር ከታች በእግርህ ጣት ደገፍ፣ በእጀታው ብድግ፣ ከዚያ በትከሻህ ገፋ!» እንለዋለን። ቃሉ ካልገባው ትንሹ ልጄ በተግባር ያሳየዋል። ይህን ሥልጠና 3 ዓመት ሙሉ ሰጥተናል። ብዙዎቹ በአንድ ቀን ይመረቃሉ፤ አማቴ ብቻ ሦስት ጊዜ መመላለስ አስፈልጓቸዋል።

አልፎ አልፎ «በሩ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ደፋር ይገኛል። መልሳችን ሁሌም አንድ ነው፤ «አመል አለው።»

አመል ድሮ የበቅሎ ነበር። ዛሬ በቅሎዋ ከከተማ ወጣች፣ አመሏን ለዕቃው አውርሳ ሄደች። የሚኒባስ ታክሲው በር እምቢ ሲልህና ልትታገለው ስትል ረዳቱ ከውስጥ «ተወው! ተወው! እሱ አመል አለው!» ብሎ ይጮኻል፤ ከዚያ በሩን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ኋላ መለስ አድርጎ፣ አንድ ጊዜ በጉልበቱ ሲለው ይዘጋል። የግቢው በር ከታች ረገጥ ካላደረጉት አይከፈትም። ቴሌቪዥኑ ጎኑን በጥፊ ካልተባለ ሥዕሉን አያሳይም። የሁሉም መላ ይታወቃል። ብሎኑን ላጥብቅ ያለ ሰው ግን አላየሁም፤ እኔን ጨምሮ።

ቁም ሳጥኑ ቤታችን የገባው በሦስት ካርቶን ነው። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ቁም ሳጥን በካርቶን መምጣቱ በረከት ነው፤ የአጎቴ የዋንዛ ቡፌ እዚያው ሕንጻ ሲገባ ስድስት ሰው፣ ሁለት ገመድና አንድ የተሰነጠቀ የደረጃ መደገፊያ ጠይቋል። ሻጩ «አንድ ሰዓት አይፈጅም» አለኝ። ማን ሲገጥመው እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መመሪያው ውስጥ አንድም ፊደል የለበትም። ፈገግ ያለ መላጣ ሰውዬ ብቻ ከገጽ ገጽ እየተከተለ ሥራውን ያሳይሃል። ዓርብ ማታ ጀመርኩ፣ እሑድ ከሰዓት ጨረስኩ። እስከ መጨረሻው ገጽ ሰውዬው ፈገግታው አልጠፋም፤ የእኔ በገጽ 4 ላይ ጠፍቷል።

ሲያልቅ ሦስት ብሎን ተረፈ። ባለቤቴ በመዳፏ ይዛ «እነዚህስ?» አለችኝ።

«መለዋወጫ ናቸው» አልኩ፣ ዓይኗን ሳላይ። እስከ ዛሬ በስኳር ጣሳ ውስጥ ፍርድ ይጠባበቃሉ።

ጥቂት ወራት በሰላም አለፉ። ከዚያ የቀኙ በር ስብሰባ ላይ እንደሚያንቀላፋ ሰው ቀስ እያለ አንገቱን ደፋ። መጀመሪያ የግራውን በር ጫፍ ነካ፣ ቀጥሎ ከታች ወለሉን ፋቀ። እኔም የወንድ ወጉ ነውና መስቀል ካቻቢቴ ይዤ ቀረብኩ። ማጠፊያው ላይ ያየሁትን ብሎን ሁሉ ባገኘሁበት አቅጣጫ አዞርኩ። ሁለቱ በሮች ተደራረቡ። ደግሜ አዞርኩ፤ በመሐላቸው ድመት የሚያሾልክ ክፍተት ተከፈተ። ሦስተኛውን ሳዞር ባለቤቴ ካቻቢቴውን በፍቅር ተቀበለችኝና ደበቀችው። ብድግና ገፋ የሚለው ሥልጠና የተጀመረው በዚያ ሳምንት ነው።

ነገሩን የቀየረው ጎረቤታችን ነው። ዕድሜውን በአናጢነት የጨረሰ ሽማግሌ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይለዋል። አንድ እሑድ ቡና ጠጥቶ ሊሄድ ሲነሳ ልጄ ለማሳየት ብሎ በሩን በትከሻው ገፋው። ጋሼ ቆመ። ተጠግቶ በጣቱ አንጓ አንኳኳው።

«ልጄ፣ ይሄን እንጨት ነው ብለህ ነው የገዛኸው?»

«ቺፕውድ ነው፣ ጋሼ።»

«ዋንዛ ሲያንኳኩት ይመልስልሃል። ይሄ ምን አለህ? ቂንጬ ነው! እንጨቱን ከክተው፣ በኮላ አብስለው፣ ጠፍጥፈው አደረቁት። ላዩ ላይ ደግሞ የእንጨት ፎቶ ለጠፉበት።»

ለገንዘቤ ልከራከርለት ግድ ሆነብኝ። ዕቃን ፈታትቶ መሸጥ የዛሬ ብልጠት እንዳልሆነ፣ ቶኔት የሚባለው የኦስትሪያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣው የካፌ ወንበር ተፈታትቶ በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን 36 ወንበር ይጫን እንደነበር ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ አንድ ስዊድናዊ ንድፍ አውጪ፣ ጊሊስ ሉንድግሬን፣ ጠረጴዛው መኪና ውስጥ አልገባ ቢለው እግሮቹን ነቅሎ እንደጫነና የቤት ዕቃ ኩባንያው የኢኬያ የካርቶን ዕቃ ከዚያ እንደተስፋፋ የሚተረከውን ጨመርኩለት።

ጋሼ እስክጨርስ ታገሰኝ። «ድንኳንም ተፈታትቶ በአህያ ይጫናል» አለ። «ግን ድንኳን ቁም ሳጥን ነኝ አይልም።»

ካቻቢቴው ከተደበቀበት ወጣ። እኔ ወደ በሩ ስሄድ ጋሼ ልጄን «ብይ አለህ?» አለው። ብዪዋን ቁም ሳጥኑ ፊት ወለሉ ላይ አስቀመጣት። ብዪዋ አላመነታችም፤ ቀጥ ብላ ተንከባለለችና ከቀኙ እግር ሥር ገባች። ልጄ «ሁሌም እዚያ ነው የምትገባው!» አለ። እውነቱን ነው። 3 ዓመት ሙሉ ብይ የጠፋበት ቀን ሁሉ መጥረጊያ ይዘን የምናወጣት ከዚያው ከቀኝ በኩል ነበር፤ ወለሉ ወደ ቀኝ እንደዘመመ ብዪዋ በየቀኑ ትነግረን ነበር። ሣጥኑ ከተንጋደደ በሩ ከየት ቀንቶ ይቆማል?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከበሩ ጋር አልተገናኘም። ዕቃውን አስወጥተን፣ ከቀኙ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ደራርበን፣ ላዩ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጠን አረፋዋ መሐል እስክትቆም ጠበቅን። የበሩ ዝማሜ ግማሹ እዚያው ላይ ጠፋ።

ቀጥሎ ጋሼ ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ነቀነቃቸው። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው የቺፕውድ በር ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል፤ አራት ማጠፊያ የተሰጠውም ለዚህ ነው። የላይኛው ግን ብሎኖቹ ቀዳዳቸው ውስጥ ይዋኙ ነበር። «ያነሳችሁት እናንተ ናችሁ» አለ ጋሼ። ብድግ ባደረግነው ቁጥር የላይኛውን ብሎን ከቂንጬው ውስጥ ነቅነቅ እያደረግን፣ ቀዳዳውን እያሰፋን፣ በሩን ይበልጥ እያስዘመምነው ኖረናል። በሩም በዘመመ ቁጥር እኛ የበለጠ ብድግ። ያን ሁሉ እንግዳ ያሠለጠንነው ለማፍረስ ነበር ማለት ነው።

መድኃኒቱ ጫፉ የተቆረጠ የክብሪት እንጨት ነው። ጋሼ ኮላ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳው እስኪጠግብ ሁለት ሦስት ሰገሰገ፣ ትርፉን በቢላ ቆረጠ፣ «ይደር» አለ። በማግስቱ ብሎኑ ሲገባ ጥርሱን ነክሶ ገባ።

ከዚያ ማጠፊያውን ሲያስረዳኝ አፈርኩ። በሩ ውስጥ በ35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የተቀበረች ኩባያ አለች፤ ከእሷ የሚወጣው ክንድ ሣጥኑ ላይ በተሰካው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይያዛል። እኔ አንድ ሥራ ብቻ ያላቸው የመሰሉኝ ብሎኖች ለየራሳቸው ሥራ ነበራቸው። ክንዱ ላይ ለበሩ የምትቀርበው በሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትወስዳለች፤ ከኋላዋ ያለችው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ፤ ጠፍጣፋውን ብረት የያዙት ደግሞ ላላ ሲሉ ወደ ላይና ወደ ታች። ሁሉም ተደምሮ የሚያንቀሳቅሱት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ግን ሦስቱንም እንደ ቡና ወፍጮ አዙሬያቸው ነበር።

«ሩብ ዙር» አለ ጋሼ። «አዙር፣ ዝጋ፣ ራቅ ብለህ እይ። አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን አትንካ።»

በመጀመሪያ ከፍታውን አስተካከልን። ቀጥሎ ጎኑን፦ የእጀታው ጫፍ ዘቅዘቅ ላለ በር የላይኛው ማጠፊያ በሩን ወደ ራሱ ይስበዋል፣ የታችኛው ደግሞ ይገፋዋል። መጨረሻ ላይ ጥልቀቱን። በሁለቱ በሮች መሐል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እንደ ፀጉር ስንጥቅ አንድ ሆነ። ኮላው ያደረበት ሌሊት ካልተቆጠረ 20 ደቂቃ አልሞላም። 3 ዓመት ለ20 ደቂቃ! ጋሼ ክፍያ አልተቀበለም፤ «ለቂንጬ አላስከፍልም» ብሎ ወጣ።

በሩ በአንድ ጣት መዘጋት ጀመረ። ችግሩ እኛ ነን። ጠዋት ተነስቼ እንደ ልማዴ በእግሬ ጣት ደግፌ፣ ብድግ አድርጌ፣ በትከሻዬ ስገፋው ቁም ሳጥኑ እንደ መድፍ ጮኸ። ባለቤቴም ባነነች፤ ማታ እሷም እንዲሁ አደረገች። አማቴ በሳምንቱ መጡና ነገሩን ስንነግራቸው ከልባቸው ተቀየሙ። «ስንት ጊዜ ለፍቼ የተማርኩትን!» አሉ።

የዚያኑ ቀን ፎጣ ሊያወጡ የታችኛውን መሳቢያ ሳቡት። ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። ሐዲዱ ላይ አንዲት ብሎን ላልታለች፤ አውቃታለሁ፣ አይቻታለሁ፣ ለእሑድ ቀጥሬያታለሁ። ሦስት እሑድ አልፏል።

ልጄ ከአያቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «አያ፣ እንዲህ አይደለም» አላቸው። «መጀመሪያ ወደ ግራ ገፋ፣ ከዚያ ከታች መታ፣ ከዚያ ሳብ። አመል አለው።»