ባትሪውን ዕድር አስገቡት

የሶላር ሚኒ ግሪድ ምረቃ ላይ ሪባንና ንግግር አይጠፋም። ትርፍ ፊውዝ ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። በምናቤ በቆመች አንዲት ቀበሌ ኢንጂነሩና ጠላ ጠማቂዋ እማማ የተገናኙት እዚያው ምረቃ ላይ ነው።

«እማማ፣ አገራችን የ13 ወር ፀጋ ናት! ፀሐይ ሞልቶናል።»

«ሐምሌንም ቆጥረኸው ነው ልጄ?»

(እማማ ልክ ናቸው። ጣቢያ የሚለካው በመጋቢት ፀሐይ ሳይሆን በክረምት ደመና ነው፤ ፀሐይዋ ስታኮርፍ ባትሪው ስንት ሌሊት ይዘልቃል ተብሎ።)

«ባትሪውማ አለ። የእርሳስና የአሲድ ስለሆነ ብቻ ከግማሽ በታች አይውረድ፤ ዕድሜው ያጥራል።»

«እንግዳ ጠርተህ ‹ከእንጀራው ግማሹን እንዳትነኩ› አልከን እኮ! ታዲያ እጥፍ አድርገህ አትጋግርም ነበር?»

«ሊቲየሙ ይሻል ነበር፤ ዋጋው ግን…»

«ዋጋ ሲነሳ ያንተም ድምፅ ባትሪ ጨረሰ። ለመሆኑ እንጀራ ይጋግራል?»

እዚህ ላይ ኢንጂነሩን ላብ አጠመቀው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይውጣል፤ ባለ 5 ዋት አምፖል 700 አንዴ እንደማብራት ነው። ኦሞራቴ ላይ የተተከለው ሚኒ ግሪድ 375 ኪሎ ዋት ነው። በጠራ ቀትር ሙሉ ጉልበቱን ቢሰጥ እንኳ 107 ምጣድ እኩል ሲጣድ ወገቤን ይላል። በአንድ ከተማ የቅዳሜ ጋጋሪ ደግሞ 107 ብቻ ነው ያለው ማነው?

«በቀን በተራ ብትጋግሩ ይችላል። ማታ ከጣዳችሁ ባትሪውን ትጨርሱታላችሁ።»

«ይኼን ቀድመህ አትናገርም? ዕቁብ ስንጥል የኖርን ሰዎች የምጣድ ተራ ያቅተናል? ወረቀትህ ላይ የሳልከው አምፖልና ስልክ ነው። የምንበላ ሰዎች አልመሰልንህም!»

«ይታገሱ እማማ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዕቅድ እኮ በ2025 መብራት ለሁሉም ይደርሳል፣ 35 በመቶው ከዋናው መስመር ውጪ ነው ይላል።»

«2025 በፈረንጅ ከሆነ መጥቷል፤ በእኛ ከሆነ ገና ነው። የትኛውን ልታገስ?»

«እሺ፣ ፓነሉን አጽዱልኝ። አቧራ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ማለዳ፣ ሳይሞቅ፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ። በአመድ እንዳትፈትጉት፤ ይጫራል።»

«እሱን ለእኔ ተወው። ኢንቨርተሩ ሲቃጠልስ?»

«ያሠለጠንነው ልጅ አላችሁ።»

«በአንድ ቀን ያሠለጠንከው? ሰርተፍኬቱን እኮ በኩራዝ ነው ያነበብንለት!»

(ኢንጂነሩ ላይ ብቻ አትፍረዱ። በጀቱን የሠራው ሰው የድንኳን ኪራይ ጽፎ የጥገናውን መስመር የዘለለ ነው።)

«ወርሃዊ ክፍያውንስ ትከፍላላችሁ?»

«እንከፍላለን። ብሩ ግን የት ይቀመጣል? እኛ የምንሞትበትን ቀን ሳናውቅ በየወሩ ዕድር እናዋጣለን። ያንተ ባትሪ የሚሞትበት ዘመን ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ተነግሯል፤ ለእሱ ግን ሳጥን አልተከፈተም!»

ኢንጂነሩ መልስ አልነበረውም፤ መነጽሩን ጠረገ።

ለሚቀጥለው ምረቃ የተጠራችሁ፣ መቀሱን የሚይዝ ሰው አይጠፋም። እናንተ የፊውዙን ቁጥር ጠይቁና ሁለት ገዝታችሁ ኑ።