ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የወጣ ባጃጅ

ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ከሕንድ ፋብሪካ ሲወጣ የረባ በር የለውም፤ ሙቀት በሚበዛበት ከተማ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጸጋ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ተሽከርካሪ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ ማለዳ ተሳፋሪ ሲጭን፣ የጨርጨር ተራራ ብርድ ከታሪፉ በላይ ስለሚያስከፍል፣ በከተማዋም ሆነ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ አንድ ጥበብ መወለዱ ግድ ሆኗል። ጥበቡ ባጭሩ ሲገለጽ፣ ለቤት ሥራ የተሸጠን ዕቃ በጎማ ላይ ለሚሄድ ነገር ማዋል ነው።

ጥበቡ ከድህነት ብቻ የመነጨ አይደለም፤ የመንግሥት ሕግም አግዞታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በመሆኑም ባገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ጡረታ የመውጣት መብቱን ተነፈገ፤ ዕድሜውን ማራዘም ደግሞ የባለቤቱ ዕዳ ሆነ። የመለዋወጫ ሱቅ ዋጋ ሲነገረው የሚደነግጥ ሾፌር ሁሉ መንገድ ተሻግሮ ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገባል፤ ባለሱቁም ማጠፊያ የጠየቀውን ደንበኛ «ለቁም ሳጥን ነው ለባጃጅ?» ብሎ መጠየቅ ለምዷል።

የጥበቡ ዋና ፍሬ በሩ ነው። ሠሪው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን የፕላስቲክ ቱቦ በእሳት እያለሰለሰ አጥፎ ክፈፍ ያበጅና፣ በላዩ ላይ ወፍራም ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ በማስቲሽ ይለጥፋል፤ ቀጥሎም የቁም ሳጥን ማጠፊያ ከባጃጁ ቋሚ ብረት ጋር በብሎንና በዳዶ አስሮ፣ በመጨረሻ የመጸዳጃ ቤት በር የሚዘጋበትን መወርወሪያ ይገጥምለታል። ብርዱ በእርግጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን መወርወሪያው በውጭ በኩል የተገጠመ እንደሆነ፣ ተሳፋሪው መውረጃው ሲደርስ «አቦ፣ ክፈትልኝ!» ብሎ መማጸን ይኖርበታል፤ ሾፌሩም ከመክፈቱ በፊት ሒሳቡን ስለሚቀበል፣ በሩ ከብርድ መከላከያነቱ አልፎ የገቢ መሰብሰቢያ መሣሪያም ሆኗል።

ሌሎቹ ማሻሻያዎች በዚሁ መንፈስ የተሠሩ ናቸው። ሃይላንድ የሚባለው የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑ ተበስቶ የአሮጌ መኪና ራዲያተር ትርፍ ውሃ መያዣ ይሆናል፤ ለቤት መስኮት የተቆረጠ ቱቦላሬ ተበይዶ ፖርቶ መጋላ፣ ማለትም የጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛ፣ ይወጣዋል። ስፖኪዮ የሚባለው የጎን መስታወት ግን ምርምር ያስፈልገዋል፤ ፋብሪካ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ጎበጥ ያለ ሲሆን፣ ጉብጠቱ የሚታየውን ነገር አሳንሶ በምትኩ ሰፊ ቦታ ያሳያል። ከመስታወት ቆራጭ ተገዝቶ በሲሊኮን የተለጠፈ ጠፍጣፋ መስታወት ለፀጉር ማበጠሪያ እጅግ ያመቻል፤ ከጎን ሊቀድም የመጣውን ጫት ጫኝ ኢሱዙ ግን የሚያሳየው ካለፈ በኋላ ነው።

ከመስታወቱ የሚብሰው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። የቤት ሽቦ ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ መዳብ ስለሆነ በግድግዳ ውስጥ ተኝቶ ዘመኑን ይፈጽማል፤ የመኪና ሽቦ ግን ንዝረትን እንዲችል ከቀጫጭን የመዳብ ክሮች ይጎነጎናል። በዚህ ላይ 60 ዋት የሚወስድ መብራት ወይም ድምፅ ማጉያ በ220 ቮልት የቤት መስመር የሚስበው የኤሌክትሪክ ፍሰት ከሩብ አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ በባጃጁ 12 ቮልት ባትሪ ግን 5 አምፔር ይስባል፤ ሽቦን የሚያግለው ደግሞ ቮልቱ ሳይሆን አምፔሩ ነው። ፊውዝ የሚባለው ትንሽ ዕቃ የተፈጠረው ፍሰቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን አቃጥሎ መስመሩን እንዲያድን ነው፤ በምትኩ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መክተት ግን ዘፈኑ እንዳይቋረጥ ሲባል ባጃጁን ለእሳት ማስያዝ ነው።

የጥበቡ ወሰን በግልጽ የሚታየው ከጭሮ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ግፊቱን ወደ ጎማው የሚያደርሰው የፍሬን ዘይት ሲሆን፣ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ዘይቱ ሲጎድል በምትኩ የሚጨመር የቧንቧ ውሃ ግን በጭሮ ከፍታ በ94 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ውሃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ፣ እንፋሎት ሲጫኑት የሚታመቅ በመሆኑ፣ የሾፌሩ እግር ወለል ይነካል፤ መኪናው ግን ጉዞውን ይቀጥላል። ውሃ ሻይ ከማፍላት ያለፈ ኃላፊነት ሊሰጠው አይገባም።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነው ይባላል፤ የምርመራው ማስረጃ ቦሎ ይሰኛል። በቦሎ ሰሞን ግን በሲሊኮን የኖረው መስታወት ከዘመድ ለተዋሱት መስታወት ቦታውን ይለቃል፤ የተለጠፈው ምልክት ሳይደርቅም ሁሉም ዕቃ ወደየባለቤቱ ይመለሳል።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ አሰበ ተፈሪን ለሌሎች አርአያ የምትሆን ከተማ ለማድረግ የደከሙ፣ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትንም ያረቀቁ ሰው ነበሩ፤ በእሳቸው ከተማ ያደገ ጥበብም የራሱ ሕገ መንግሥት ቢኖረው አይበዛበትም። አንቀጹ አንድ ብቻ ይሁን፦ የሚሸፍን፣ የሚሸከምና የሚያስጌጥ ነገር ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ፣ የሚያቆም፣ የሚመራና እሳት የሚያስነሳ ነገር ግን ከመለዋወጫ ሱቅ ይገዛል። ስለዚህ ባለባጃጅ ሁሉ በሩን በወደደው ማጠፊያ ይስቀል፤ መወርወሪያውን በውስጥ በኩል ያድርግ፤ የፍሬን ዘይቱን ግን ከታሸገ ዕቃ ገዝቶ ይሙላ።