ጠላት ይጥፋ፤ ጦር ሰፈሩ ግን ይኑር

አሜሪካ ውስጥ ስለ አገር መከላከያ ጠለቅ ያለ ዕውቀት የምትፈልጉ ከሆነ ጄኔራሎቹን አታስቸግሩ። ጦር ሰፈሩ ሊዘጋበት ወደተባለ ከተማ ሂዱና መኪና ሻጩን፣ ቤት አከራዩን፣ ፀጉር አስተካካዩን ጠይቁ። ትናንት ከኪራይና ከቀረጥ ሌላ ወሬ ያልነበራቸው ሰዎች ባንድ ሌሊት የጦር ስልት ሊቅ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። የማኮብኮቢያው ርዝመት፣ የአየር ክልሉ ስፋት፣ ከወዲያ ማዶ የሚያሰጋው ጠላት፣ ሁሉም በቃላቸው ነው። ይህ ዕውቀት የሚገለጥላቸው የመዝጊያው ዝርዝር በወጣ ማግስት መሆኑን ግን እንደ ምቀኛ አታንሱባቸው።

ነገሩ የሕጉ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ፔንታጎን የትኞቹን ጦር ሰፈሮች ልዝጋ ብሎ ዝርዝሩን ለዘጠኝ ሰዎች ኮሚሽን ሲያቀርብ መመዘኛዎቹ ስምንት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ አራት ስለ ወታደራዊ ጠቀሜታ ያወራሉ፤ ቅድሚያ የተሰጣቸውም እነሱ ናቸው። የከተማው ኢኮኖሚ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ስድስተኛ ተራ ላይ ቆሞ ወረፋ ይጠብቃል። እንግዲህ «ቤቴን ማን ይከራየኛል?» ብሎ መጮህ የሚያስገኘው ስድስተኛ ደረጃ ነው። «የነፃው ዓለም ደኅንነት አደጋ ላይ ወደቀ» ማለት ግን አንደኛ ያስወጣል። ምስኪኑ ነጋዴ እንጀራውን በባንዲራ ጠቅልሎ ለማቅረብ የተገደደው ወዶ አይደለም።

የደቡብ ዳኮታዋን ራፒድ ሲቲ ተመልከቱ። ከከተማዋ አጠገብ ቢ-1 የሚባሉት ቦምብ ጣዮች የሚያርፉበት የኤልስዎርዝ አየር ኃይል ሰፈር አለ። በ2004 ምርጫ የሪፐብሊካኑ ጆን ቱን የዴሞክራቶቹን የሴኔት መሪ ቶም ዳሽልን ከ5 ሺህ ባነሰ የድምፅ ልዩነት ሲያሸንፍ ከተከራከረባቸው ነገሮች አንዱ «እኔ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ሰው ስለሆንኩ ኤልስዎርዝን አድናለሁ» የሚል ነበር። ግንቦት 2005 ላይ የፕሬዚዳንቱ መከላከያ ሚኒስትር ዝርዝሩን ሲያወጣ ኤልስዎርዝ ከሚዘጉት መካከል ተገኘ። አዲሱ ሴናተርም መዝጋቱን የሚያዘገይ ረቂቅ ሕግ ይዞ ቀረበ። ኮሚሽኑ ሊሰማ ሲመጣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አዳራሹን ሞላ። የመንግሥት ወጪ ይቀነስ ሲባል የሚያጨበጭብ፣ መንግሥት እጁን ከኪሴ ያንሳ የሚል ሕዝብ፣ ያን ዕለት መንግሥት እጁን እንዳያነሳ ሲማፀን ዋለ። ከራስ በላይ ነፋስ ነውና ማን ይፈርድበታል?

ለማሳመኛ የቀረበው ክርክርም የሚናቅ አልነበረም። የፔንታጎን ሐሳብ ቢ-1ቹን በሙሉ ቴክሳስ፣ አቢሊን አጠገብ ወዳለው ዳይስ የተባለ ሰፈር ማዛወር ነበር። ራፒድ ሲቲ «ቦምብ ጣዮቻችንን ሁሉ አንድ ቦታ ማከማቸት ለጠላት ሲሳይ መሆን ነው» አለች። እውነቷን ነው። ግን ፔንታጎን በተቃራኒው ዳይስን ዘግቶ ሁሉንም ወደ ራፒድ ሲቲ ልውሰድ ቢል ኖሮስ? የራፒድ ሲቲ የጦር ሊቃውንት ማከማቸት ቅልጥፍና መሆኑን፣ መበተን ደግሞ ብክነት መሆኑን በዚያው ምሽት ይደርሱበት እንደነበር አልጠራጠርም። ዕውቀታቸው እስከዚህ ድረስ ሰፊ ነው። ለማንኛውም ነሐሴ 2005 ላይ ኮሚሽኑ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ኤልስዎርዝ ይኑር አለ።

ጦር ሰፈር ፍቅርም ያወርዳል። ሜይንና ኒው ሃምፕሻየር በመካከላቸው ባለው ወንዝ ላይ ያለችው፣ የባሕር ኃይሉ መርከብ ማደሻ የተሠራባት ደሴት የማን ናት በሚል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰው ነበር። የክሱ ሥር ሠራተኛው ግብር ለማን ይክፈል የሚል ነው። በ2001 ፍርዱ ለሜይን ሆነ። አራት ዓመት ሳይሞላ ማደሻው ሊዘጋ ነው ሲባል ግን ሁለቱ ግዛቶች እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ «መርከብ ማደሻችንን አድኑ» የሚል ካናቴራ የለበሰው ሕዝብም የግዛት ድንበር ሳይለየው ሰልፍ ወጣ። በዚህም ቀናቸው፤ ማደሻው ተረፈ። የሚታለበው ላም ሊታረድ ነው ሲባል ጎረቤት አይጣላም።

አንድ ነገር ግን ለከተሞቹ ልመስክርላቸው። ሂሳቡን የተሳሳቱት እነሱ ብቻ አይደሉም። ፔንታጎን ያን ዙር ለመፈጸም ይበቃኛል ያለው ወጪ 21 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ሲያልቅ ወደ 35 ቢሊዮን ደረሰ። ከቁጠባው ቁጥር ውስጥ ከፊሉ ከአንዱ ሰፈር ተነሥተው ሌላው ሰፈር ደመወዝ የሚበሉ ወታደሮች ነበሩ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። ደግሞም ሰፈሩ ሲዘጋ የሚያለቅሰው አስተናጋጅ ዕንባው የውሸት አይደለም። ውሸቱ «ያለ ሥራ ልቀር ነው» ማለት አሳፍሮት «አገር ልትወረር ነው» እንዲል የተመከረበት ነው።

ሰፈራቸው የተዘጋባቸው ከተሞች የት ደረሱ ብሎ የሚጠይቅ ግን እንዳይኖር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከዚያችው መርከብ ማደሻ ብዙም ሳይርቅ ፒዝ የሚባል የአየር ኃይል ሰፈር በ1991 ተዘግቶ የንግድ ቀጠናና አውሮፕላን ማረፊያ ሆኗል፤ ዛሬ ወደ 10 ሺህ ሰው ይሠራበታል። ዋሽንግተን ያላችሁ ወገኖችም በጆርጂያ ጎዳና ስታልፉ በ2011 የተዘጋው የዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ መኖሪያ ቤትና ሱቅ ሲነሣ አይታችኋል። እንዲህ ያለው ወሬ የሰልፈኛውን ሞራል ስለሚሰብር በአደባባይ ባይነሣ ይመረጣል።

ደግነቱ አሁን ለሰልፍ የሚያበቃ ስጋት የለም። ፔንታጎን ከ2012 እስከ 2017 ሌላ የመዝጊያ ዙር ይፈቀድልኝ እያለ ደጅ ጠንቶ ነበር፤ በ2017 ካለኝ ቦታ 19 በመቶው ትርፍ ነው ብሎ ለኮንግረስ አስረድቷል። ኮንግረሱ ግን ጦሩ የጠየቀውን ገንዘብ ሲሰጥ ቅር የማይለው፣ ጦሩ አልፈልገውም ያለውን ደግሞ በግድ የሚያሸክም ደግ ምክር ቤት ነው። የዓለምን ኃያል ጦር ያለ አንዲት ጥይት ያንበረከከው የከተሞች የንግድ ምክር ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ሥርዓቱን እንደ ልማዳችን እናስተካክለው እላለሁ። ስድስተኛው መመዘኛ አንደኛ ይሁን፤ ሌሎቹ ሰባት ለታሪክ ይቀመጡ። ጄኔራሎች ጠላት ከመምረጣቸው በፊት ከንግድ ምክር ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ያምጡ። ጠላትም ቢሆን ካሉት ሰፈሮች ጋር የሚመጣጠን፣ በሁሉም ግዛት አቅጣጫ በእኩል የሚያሰጋ፣ በምርጫ ዓመት ትንሽ ጠንከር የሚል ይሁን። እርቅ እናውርድ ብሎ የሚመጣ ካለ ግን የሰው እንጀራ ዘጊ ነውና፣ ከሁሉም የከፋው ጠላት እሱ ተብሎ ይመዝገብልን።