መሣሪያው ብቻ ነው የቀረው

የማወራው ስለ አንዲት ጣት ነው። የጣቷ ባለቤት ጉርድ ሾላ፣ ከባቡሩ ጣቢያ ማዶ ባለች አንዲት ካፌ ሒሳብ የምትቀበል ልጅ ናት። የካፌዋን ስም አልጠራም፤ ማኪያቶዋ ጥሩ ነው፣ መጣላት አልፈልግም። ልጅቷም ምንም አይወጣላትም። ትሑት ናት፣ ዝርዝር የለም ብላ በመልስ ፋንታ ማስቲካ አትሰጥም። ጣቷ ግን የድምፅ መጨመሪያው ላይ የምትሠራው ሥራ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፌዋ ማን እንደጫናት የማይታወቅ ፍላሽ አለቻት። ጂጂ ስታበቃ የሰርግ ዘፈን ይመጣል፣ ከሰርጉ ቀጥሎ ደግሞ መዝሙር ይጀምርና ልጅቷ ደንገጥ ብላ ታሳልፈዋለች። በዚህ ሁሉ መሐል ከስንት አንዴ ጃኖ ባንድ ብቅ ይላል። ያኔ ወንበሬ ላይ ቀና እላለሁ። ድምፃውያኑ ይገባሉ፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት፣ አንዱ ያነሣል፣ አንዷ ትቀበላለች፣ ከዚያ አራቱም ባንድነት ጣሪያውን ያነሡታል። ከዚያ ዝም ይላሉ። ዝም ያሉት ደክሟቸው አይደለም፤ ለጊታሩ ቦታ ለቀው ነው። ጊታሩ ገና አፉን ሲከፍት ያቺ ጣት ትነሣና ድምፁን ትቀንሳለች። ያ ሁሉ እሳት በግድግዳ በኩል እንደሚሰማ የጎረቤት ጠብ ይሆናል። ድምፃውያኑ ሲመለሱ ጣቷም ትመለሳለች።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋት። «የኔ እህት፣ ምነው ቀነስሽው?»

ከልቧ ተገርማ አየችኝ። «ውይ ጋሼ፣ ዘፈኑ እኮ ቆሟል፤ መሣሪያው ብቻ ነው የቀረው።»

«ጋሼ» ያለችኝን ለጊዜው እንተወው።

ልጅቷ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ካፌ ቀይሬ እገላገል ነበር። ግን አገሩ ሁሉ ይህቺው ጣት አለችው። የሬዲዮ አቅራቢው ዘፋኙ እስኪጨርስ በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ሳክስፎኑ ሲጀምር «ውድ አድማጮቻችን» ብሎ ይገባል። የሚኒባስ ረዳት ዘፋኙ ሲዘፍን አብሮ ያንጎራጉራል፣ ጊታሩ ሲመጣ «ሒሳብ!» ይላል። ቤት ውስጥም ያው ነን። እንግዳ መጥቶ ቴሌቪዥን ላይ ዘፈን ካለ፣ «ቡና ይጨመርልህ?» የሚባለው፣ «እናትህ እንዴት ናቸው?» የሚባለው፣ የተረሳው ስልክ የሚደወለው መሣሪያው ብቻውን ሲቀር፣ ክላሲካል የምንለው ላይ ነው። አርቲስቱ ስድስት ወር የተለማመደውን እኛ ለቡና እናውለዋለን።

ነገሩ ከየት መጣ ብዬ ሳስብ ሰርግ ቤት ላይ ደረስኩ። ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ዘፋኙ ሲያሞቅ አጎት ይነሣሉ፣ ከኮታቸው ኪስ አዲስ ብር ያወጣሉ፣ እየተውረገረጉ ሄደው ግንባሩ ላይ ይለጥፋሉ። ቀጥሎ ሚዜዎች፣ ቀጥሎ ከአሜሪካ የመጣ የአክስት ልጅ በዶላር። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው ግንባር ላይ ብር ሲለጠፍ ያየ አለ? ግንባር እኮ አለው! ደግሞ ብር እንዲጣበቅ የሚፈለገው ላብ ከሆነ፣ አዳራሹ ውስጥ ከድራመሩ የበለጠ ያላበው ማን ነው? ዘፋኙ ቢያንስ መሐል መሐሉን ውሃ ይጠጣል፣ ሚዜዎቹን በስማቸው ያሞግሳል፣ ይተነፍሳል። ድራመሩ ግን ከሙሽሮች መግቢያ እስከ ጉራግኛው ድረስ ቀና አይልም። ብሩ የሚወርደው ግን በሽቦ መሐል ተረማምዶ ወደ ኋላ መሄድ በማይፈልግ ሕዝብ እጅ ስለሆነ፣ ፊት የቆመው ሰው ላይ ይቀራል። በኋላ ለሁሉም ይካፈላል ይሉኛል። ይካፈል ይሆናል። የኔ ጥያቄ የገንዘብ ሳይሆን የግንባር ነው።

ይህን በሐሳብ ብቻ አልተውኩትም። የዘመዳችን ሰርግ ላይ ሁለት መቶ ብር ይዤ ቀጥ ብዬ ወደ ቤዚስቱ ሄድኩ። ልጁ ሲያየኝ ደነገጠ። የጠጣሁ መሰለው። በአገጩ ወደ ዘፋኙ ጠቆመኝ፤ አቅጣጫ የጠፋኝ መስሎት ነው። እኔም «አይ፣ ላንተ ነው» አልኩት፤ በዚያ ጩኸት አልሰማኝም። ብሩን ወደ ግንባሩ ሳስጠጋ አንገቱን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ፣ እጁ ሳተ፣ ያቺ ሌሊቱን ሙሉ ማንም ያልሰማት ቤዝ ስትጠፋ ግን አዳራሹ በሙሉ ሰማ። እስክስታው ተሰናከለ። አንድ አጎቴ ክንዴን ይዘው ቀስ አድርገው ወደ ወንበሬ መለሱኝ፣ ለስላሳም አዘዙልኝ። ቤዚስት ማለት ይኸው ነው፤ ሲኖር የማይታወቅ፣ ሲጎድል ወለሉ የሚከዳን።

የኛ ሰው ይህን ያላወቀው ባለሙያ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) «እሬ መላ መላ»ን ሲሠራ ከኋላው የነበረው አይቤክስ ባንድ ነው፤ ቤዙ ላይ ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩ ላይ ሰላም ሥዩም። በኋላ ሮሃ ባንድ ሆነው በካሴት ዘመን እጅግ ብዙ አልበም አጅበዋል። በዚያ ዘመን ቤታችሁ ካሴት ከነበረ ጆቫኒ ሪኮ ቤታችሁ ገብቷል፤ ሽፋኑ ላይ ግን ያለው የዘፋኙ ፎቶ ነው፣ ከኋላው የአበባ ማስቀመጫ። አበባው ከቤዚስቱ ቀድሞ ፎቶ ተነሥቷል።

ዋልያስ ባንድ ደግሞ በ1977 «ቼ በለው»ን አወጡ። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑ ላይ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን እንግዳ ሆኖ፤ ዘፋኝ የለበትም። የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያቺ ፍላሽ ውስጥ አንድ ቀን ዋልያስ የተገኘ እንደሆነ ነው። ልጅቷ ዘፈኑ ቆሟል ብላ ካፌውን ልትዘጋ ነው?

ያ ባንድ ሒልተን ሲጫወት ሰዓት እላፊ ነበር፤ ማታ የገባ ሰው መውጫ ስለሌለው እስኪነጋ አብሯቸው ያድር ነበር። በኋላ አሜሪካ ሄዱ፣ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ ሲጠፋ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ፈረንጁ አበደ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን ጨመረ። የኛ ታክሲ ክላሲካል ሲመጣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ እዚያ ደግሞ ክላሲካሉ ራሱ ታክሲ ይነዳል።

ወደ ጃኖ ልመለስ። እኔ ጃኖን የወደድኩት ለዚህ ነው፤ የዘፋኙ ባንድ ሳይሆን ባንዱ ራሱ ባለቤት ስለሆነ። በፈረንጆቹ 2012 «ኤርታሌ» ሲወጣ ሰዉ ግራ ተጋባ። «ከአራቱ ዘፋኙ የትኛው ነው?» ይባል ነበር። ኃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ሔዋን ገብረወልድ፣ ዲበኩሉ ታፈሰ ወይስ ኃይሉ አመርጋ? ብሩ ማን ግንባር ላይ ይለጠፍ? መልሱ ደግሞ ከአራቱ ማንም አልነበረም፤ ዘፋኙ ያ ሁሉ ድምፅ ነው። አልበሙን ያዘጋጀው ቢል ላዝዌል ነው፤ ራሱ ቤዚስት ነው፣ ይህም ለክርክሬ ይጠቅመኛል። የጂጂን የ2001 አልበም ያዘጋጀው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1983 ከሄርቢ ሃንኮክ ጋር፣ በ1986 በጩኸቱ ከሚታወቀው የእንግሊዙ ሞተርሄድ ጋር ሠርቷል። ያ ሰው በዚያ ጆሮው የኛን ቅኝት ሰምቶ አላለሰለሰውም። ድራሙ ደረት ይመታል፣ ጊታሩ ይሻክራል፣ ከሻካራው ውስጥ ግን የምታውቁት ዜማ ብቅ ይላል፤ አያታችሁ ቢሰሙት መጀመሪያ ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ ቀጥሎ ትከሻቸው ይከዳቸዋል። አልበሙን የሰየሙት ደግሞ አፋር ላይ እሳቱ ሲንተከተክ በኖረ ተራራ ነው። ኤርታሌን ድምፁን ቀንሶ መስማት እንዴት ይሆናል?

ደግሞም አልበም ነው። ፍላሽ የመጣ ጊዜ የሞተው ነገር ይህ ነው፤ ተራ። ካሴት እያለ አንዱን ዘፈን መዝለል ማለት ባትሪ መጨረስ ስለነበር የማንወደውንም ሰምተን እናልፍ ነበር። ቴፑ እንዳይደክም በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንን፣ ኤ ሳይድ አልቆ ወደ ቢ እስኪገለበጥ ድረስ ያለውን ዝምታ እንኳን እናውቀው ነበር። ዛሬ የ«ኤርታሌ» አንድ ዘፈን ከሁለት የሰርግ ዘፈን መሐል ተሰክቶ ይመጣል። ሁለተኛውን አልበማቸውን «ለራስህ ነው»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ ሰማሁት የሚል ሰው ጉርድ ሾላ ላይ ካለ ማኪያቶ እጋብዘዋለሁ።

እስካሁን በሳቅ ነው የያዝኩት። አሁን ግን የእህቴ ባል ላይ ደረስኩ፣ እዚህ ላይ ሳቅ የለም። ሰውዬው ጃኖን በሰማ ቁጥር አንድ ነገር ይላል፤ «ይሄ የፈረንጅ ጩኸት ነው፣ የኛ አይደለም።» የኛ! ማነው የኛና የነሱን እየለየ ማኅተም የሚመታው? እሱ «የኛ» እያለ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማው ሳክስፎን ከየት የበቀለ መስሎት ነው? ከጎንደር? በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ አርመናዊ ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው የነሐስ ባንድ አቋቋሙ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፣ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ የቴአትር ቤቶቻችንን ኦርኬስትራ አሠለጠነ። ያ የኛ ሆነ። ይሁን፣ የኛ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ላይ ሲደረስ ግን በሩ ተዘጋ!

«ጩኸት» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብስብኛል። የጊታሩ መሻከር ነው ጩኸት የተባለው። ይኸው ሰውዬ ጾም ሲገባ በገና ከፍቶ እንባውን ይጠርጋል። በገናው ታዲያ ለስላሳ ነው? ሠሪው ሆን ብሎ ከእያንዳንዱ ጅማት ሥር፣ መረገጫው ላይ ትንንሽ ቆዳ ይከታል፤ ጅማቱ ቆዳውን እየመታ እንዲያንዛርር፣ እንዲሻክር፣ ድምፁ ንጹሕ እንዳይሆን። አሥር ጅማት፣ አሥሩም ያንዛርራሉ። የጃኖ ጊታሪስት በእግሩ ፔዳል ረግጦ የሚያመጣውን ነገር የኛ ሰው ከቆዳ ሠርቶት ለስንት ዘመን ሲጸልይበት ኖሯል። ማሲንቆውስ? ፀጉር በፀጉር ላይ ሲፋተግ ቅባት የተቀባ ይመስላል እንዴ? እኛ እኮ ድምፅ ሲሻክር ሐዘን የሚገባን ሕዝብ ነን! ይህን ሁሉ በጾም መያዣ ምሳ ላይ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ «ልክ ነህ» አለ፣ «በገናው ግን ቃል አለው።»

ያው ተመለስን። ቃል።

እርግጥ ነው፣ የምንወደው ቃል ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ሕዝብ፣ ዘፈን ሲሰማ ግጥሙን እየፈታ የሚሰማ ሕዝብ፣ ጊታሩ ላይ የሚፈታ ነገር ሲያጣ ቢጨዋወት ምን ይደንቃል? እህቴም ብትሆን፣ «ተወው፣ እሱ ኮ ማታ ማታ መኪናው ውስጥ ጃኖን ከፍቶ ይሰማዋል» አለችኝ። እውነት ይሁን ለማስታረቅ እንጃ።

ባለፈው መገናኛ የጉርድ ሾላ ታክሲ ሰልፍ ይዤ ጃኖን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ በእግሬ ድራሙን ስመታ፣ ከፊቴ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ዞረው «ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። አንዱን ጆሮ ሰጠኋቸው። ጊታሩ ላይ ነበር። እስኪያልቅ አዳመጡ፣ ቃል ሳይመለስ። ከዚያ «ጥሩ ነው፤ ግን ዳህላክ ባንድን አላየህም» አሉ። ጊዮን ሆቴል፣ በወጣትነታቸው። እኔ ዋልያስ ይበልጣሉ አልኩ። ሳቁብኝ። ኃይሉ መርጊያ ራሱ በ1978 «ወደ ሐረር ጉዞ»ን የሠራው ከዳህላክ ጋር ነው አሉኝ፤ ልክ ናቸው፣ ግን ታዲያ ሰውዬው የዋልያስ ስለሆነ ነጥቡ ለማን ነው የሚያዘው? ተከራከርን፣ ሰልፉም ሁለት ታክሲ አሳለፈን። እሳቸው ትራምፔት ይበልጣል ብለው ተነሡ፤ ትራምፔት የሚነፋ ሰው ጥርሱ መጠበቅ አለበት፣ ጥርስ ከሄደ ሁሉ ነገር ሄደ አሉ። ከጥርስ ወደ ጥርስ ሐኪም ዋጋ ገባን፣ ከዚያ ጡረታቸውን አነሡ፣ ከጡረታ ቤት ኪራይ መጣ። ኋላችን ያለችው ሴትዮ ኪራይ የሚለውን ስትሰማ እሷም ገባች፤ አከራይዋ የጨመረባትን ነገረችን፤ ሽማግሌውም ማዳመጫዬን ከነጆሯቸው ይዘው ወደሷ ዞሩ።